ቲቸር ብዙወርቅና «ኖዌር»

አቃቂ ውስጥ ቲቸር ብዙወርቅ ያላስተማሩትን ሰው መፈለግ ከባድ ነው። የባቡር ሠራተኛው ልጅ፣ የክር ፋብሪካው ልጅ፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ አልፏል። ዛሬ ሳሪስ ላይ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ባለ ቦርጭ ጎልማሳ እንኳ መንገድ ላይ ሲያያቸው እጁን ከኪሱ ያወጣል። የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። ቁመታቸው ከጥቁር ሰሌዳው አጋማሽ አያልፍም፤ ድምፃቸው ግን እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ ነበር ይባላል። ማጋነን ነው፤ ቢሆንም እሳቸውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም።

ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አንዱን ለይተው ይወዱት ነበር፤ «ኖዌር»ን። ትምህርቱ የሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ አይታወቅም። አርፍዶ የሚመጣ ተማሪ ሲገኝ ያ ቀን የኖዌር ቀን ነው።

«የት ነበርክ?»

«የትም፣ ቲቸር።»

«የትም! ጥሩ አገር ነው አሉ። ውሃ አለው? መብራትስ ገብቶለታል?»

ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። እሳቸው ሳይስቁ ጠመኔያቸውን ያነሳሉ። ፈረንጅ ለሌለ ቦታ ስም አውጥቶለታል፤ ኖዌር ብሎታል ይላሉ። እኛ «የትም» ስንል ቃሉን ብቻውን አንለቀውም፤ «አልሄድኩም» ወይም «የለም» የሚል ድጋፍ እንጨምርለታለን። ለዚህ ነው የአቃቂ ልጅ እንግሊዝኛ ሲናገር «አልሄድኩም»ንም «ኖዌር»ንም አንድ ላይ አስገብቶ ሁለት ጊዜ የሚክደው። «አንዴ መካድ ይበቃል፤ ጴጥሮስ እንኳ መጨረሻው ለቅሶ ሆኗል» ይሉና ስህተቱን በቀይ ያሰምሩበታል።

ከዚያ አጠቃቀሙ ይመጣል። ሳይታሰብ ዱብ ያለ እንግዳ ከኖዌር መጣ ይባላል። ለፍቶ ለፍቶ ፈቀቅ ያላለ ሰው ኖዌር ደረሰ ይባላል። ከሰው የራቀ፣ ስም የሌለው ሜዳ ደግሞ የኖዌር መሃል ነው። «የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው የሚለውን ተረት ግን በዚህ ቃል የተረጎመ ዜሮ ነው የማገኝለት። ያኛው የትም ወፍጮ አለው» ብለው ያስጠነቅቃሉ። ይህን ቀልድ የሰማ ተማሪ ቃሉን እስኪሞት አይረሳውም።

አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ስለ ቃል ትርጉም አይዋሹም። ተማሪ መንገድ ላይ የሰማውን ጸያፍ ቃል እንኳ ይዞ ቢመጣ ትርጉሙን ሳያድበሰብሱ ይነግሩታል፣ ከዚያ ጆሮውን ቆንጥጠው ይለቁታል። ትርጉም ሚዛን ነው፣ ጣት አይሳረፍበትም ባይ ናቸው።

ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ደግ ሰው፣ በዚያው ሰሞን አረፈ። ጣቢያው አጠገብ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ሊፈርስ ነው ተባለ። ግን እግዜር አይዘጋባቸው ብሎ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው፤ ቱሉ ዲምቱ። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዕቃቸውን በአንድ አይሱዙ ጭነው ገቡ።

የታክሲው ረዳት «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» እያለ ይጠራል፤ አስፋልቱ ሲያልቅ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ብሎ ያራግፋል። የእሳቸው ብሎክ ከመጨረሻው ወዲያ ነው። ሊጠይቃቸው የመጣ ዘመድ ሁሉ በስልክ ሲጮህ ይውላል። «የቱ ሕንፃ ጋ ነው?» ይላል፤ ሕንፃዎቹ እንደ መንትያ ተመሳስለዋል። መለያ የሚሆን ዛፍ የለ፣ ሱቅ የለ። ያለው የመኪና ማቆሚያው ላይ ያለ ኩሬ ብቻ ነው፤ ያም በጥር እንኳ የማይደርቅ፣ ነዋሪው ሁሉ የሚራገመው ኩሬ። ቧንቧ ፈንድቶ ነው ተብሎ ተቆፈረ፣ ቧንቧ አልተገኘም።

ቲቸር ብዙወርቅ ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በገቡ በወሩ ከደረጃው ሥር ሰሌዳ አሰቅለው ቅዳሜ ቅዳሜ የብሎኩን ልጆች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ፤ በነፃ። ወላጆች መጀመሪያ ልጆቹ ከእግራቸው ሥር እንዲጠፉላቸው ላኩ፤ በኋላ ራሳቸውም ደረጃው ላይ እየተቀመጡ ያዳምጡ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ማህሌት የምትባል ቀልቃላ ልጅ አርፍዳ መጣች። የት ነበርሽ ተባለች፤ የትም አለች። የኖዌር ቀን ሆነ። ቲቸር አጠቃቀሙን አስረድተው ሲያበቁ በትልልቁ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ «የምንኖረው የኖዌር መሃል ነው» የሚል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ወላጆችም ሳቁ፤ ከታክሲው መጨረሻ በጭቃ የመጡ ሰዎች ናቸውና ነገሩ ገባቸው።

የብሎኩ ጥበቃ አቶ ቀጀላ ከኩሬው አጠገብ ቆመው ነበር። ካኪ ካፖርት የሚለብሱ፣ ዱላ የማይለያቸው፣ ከሰላምታ በቀር ቃል የማያባክኑ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹ ሲበተኑ ጠጋ አሉ።

«ቲቸር፣ ልጆቹን ምን ቢሏቸው ነው እንዲህ የሳቁት?»

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዲያው ቀልድ ነው» ብሎ ያልፋል። ቲቸር ብዙወርቅ ግን ትርጉም ተጠይቀዋል።

«የምንኖረው ምንም በሌለበት፣ ስም በሌለው ቦታ ነው አልኳቸው።»

«እዚህ?»

«አዎ፣ እዚህ።»

 አቶ ቀጀላ ዱላቸውን አንስተው ወደ ቲቸር እግር አመለከቱ።

«እርስዎ የቆሙበት የበረቴ በር ነበር» አሉ።

ቲቸር ብዙወርቅ ሳያስቡት እግራቸውን አነሱ።  ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያርሙ ኖረው በአንድ ጥበቃ ቃል እንዲህ ሲደነግጡ አለማፈራቸው ያስደንቃል፤ «ያሳዩኝ» ነው ያሉት።

አቶ ቀጀላም አሳዩ። ከዚህ እስከዚያ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። እዚያ የቆመው ነጭ መኪና ሥር ቤታቸው ነበር። ቦታው ለቤት መሥሪያ ሲፈለግ ጎረቤቱ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እሳቸው ከሚስታቸው ከዳሲቱ ጋር ከኮረብታው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ ኋላም ጥበቃ ሲፈለግ ተቀጠሩ። ከኩሬው አጠገብ ሲደርሱ በዱላቸው ጫፍ አጭር መስመር አሰመሩ።

«ይኸ ደጃችን ነው። ዳሲቱ በሙሽርነት የገባችው በዚህ ነው። ይኸ ውሃ ደግሞ ቡርቃ ነው፤ ምንጭ እንደማለት። ደፈኑት እንጂ አልሞተም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓረፍተ ነገሩ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነበር። ቲቸር ልጆቹን አስቀምጠው በፊታቸው ጨርቅ አንስተው አጠፉት። «ሰዋስዉ ልክ ነበር፤ ነገሩ ግን ውሸት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። ማህሌት አፏን ከፍታ ቀረች። አስተማሪ ሲሳሳት አይታ አታውቅም፤ ተሳስቶ ሲያምንማ ጭራሽ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቲቸር ወደ ኮረብታው ማዶ መመላለስ ለመዱ። እማማ ዳሲቱ ታመው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አማርኛቸውም ጥቂት ነው። የቲቸር ኦሮምኛ ደግሞ የአቃቂ ገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ከሽንኩርትና ከእንቁላል አያልፍም። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ተግባብተው ይስቁ ነበር። እማማ ዳሲቱ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ቡርቃው አሁንም ይወጣል ወይ? ይወጣል ሲባሉ ፊታቸው ይፈካል።

አንድ ቀን የቲቸርን እጅ ይዘው በዚያችው ጥቂት አማርኛቸው እንዲህ አሉ፤

«ሰው ሲሞት ከደጁ ነው የሚወጣ። እኔ ከሰው ደጅ ልወጣ ነው። እሱ ያሳዝነኛል።»

እንዲህ ላለ ነገር የሚመለሰው የታወቀ ነው፤ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ሞት ምን አመጣው ይባላል። ቲቸርም ይህን ብለው ነበር። ኋላ ግን የታማሚዋን ዓይን አይተው መዋሸት አልሆነላቸውም። «ከደጅዎ ይወጣሉ» አሉ። ቃል ገቡ። እንዴት አድርገው እንደሚፈጽሙት ግን እሳቸውም አላወቁም፤ እየተመለሱ ሳለ ኮረብታውን በእግራቸው ሳይሆን በሐሳባቸው ነው የወረዱት።

እማማ ዳሲቱ በሐምሌ፣ ዝናብ ሲዘንብ በነጋበት ማለዳ አረፉ።

አቶ ቀጀላ ካፖርታቸው ውሃ እየተፋ ወደ ብሎኩ መጡ። የብሎኩን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ኩሬው ዳር ካቆመው መኪናው አጠገብ አገኙትና በድሮ ደጃቸው ላይ ለሦስት ቀን ድንኳን እንዲተክሉ ለመኑ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚያፈቅር ሰው ነው እንጂ።

«አባባ፣ ነፍስ ይማር። ግን በግቢያችን ድንኳን የሚተከለው ለነዋሪ ነው። እርስዎ ሠራተኛ ነዎት እንጂ ነዋሪ አይደሉም። ዛሬ አንዱን ጥሰን ነገ ማንን እንከለክላለን?»

አቶ ቀጀላ አልተከራከሩም። ፊታቸውን ወደ ኮረብታው መለሱ። ቲቸር ብዙወርቅ ደረጃው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ምንም ሳይሉ ወደ ላይ ወጡ። ጎረቤታቸው ኡምሀኒ፣ ወሎዬዋ፣ ይህን አይታ አዘነች። ቲቸር ዝም ሲሉ አይታ አታውቅም።

ትንሽ ቆይተው ወረዱ። ለባላቸው ለአቶ ሰይፈሥላሴ ሐዘን የለበሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ዝናቡን ከምንም ሳይቆጥሩ ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙ።

«እህቴ ሞታብኛለች። እኔ ደግሞ ነዋሪ ነኝ። ድንኳን እተክላለሁ።»

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። «ቲቸር፣ እህት እንዳለዎት አላውቅም ነበር እኮ። ከየት መጡ?»

«ከዚሁ» አሉ። «እንዲያውም አንተ አሁን የቆምክበት ደጇ ነው።»

ሰውዬው ቁልቁል አየ። አቶ ቀጀላም ከመንገድ ተመልሰው ቆመዋል። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ወደ ዳር አወጣ። በኋላ አንዳንዶች ቲቸርን «እንደዚያ ትርጉም የሚያከብሩ ሴት እንዴት ዋሹ?» ብለው ሊያሟቸው ሞክረዋል። እሳቸው ሲሰሙ «እህት የሚለውን ቃል አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ይይዛታል» ብለው ዘጉት። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ፈቃዱ ተገኘ፤ ድንኳኑ የለም። አዲሱ ሰፈር እድር የለውም። ቲቸር እስካሁን ከአቃቂው እድራቸው አልወጡም ነበርና ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ወልደሚካኤል ደወሉ።

«ነፍስ ይማር፣ ቲቸር። የት ነው የሚተከለው?»

«ቱሉ ዲምቱ፣ ከመጨረሻው ወዲያ።»

«ከመጨረሻው ወዲያ የት?»

ቲቸር ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። ከሕንፃው ፊት እንዳይሉ ሕንፃው ሁሉ አንድ ነው። ከኩሬው ጎን ቢሉ ኩሬ ማን ያውቃል?

«ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አቶ ወልደሚካኤል። «የእድሩን ድንኳን የትም ሰድጄ ለአባሉ ምን እላለሁ?»

የገዛ ቃላቸው ዞሮ መጥቶ መታቸው። «ልክ ነህ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ደረጃው ላይም ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ኡምሀኒ የራሷን ስልክ ያወጣችው። ባሏ ዘካሪያ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ለኮምቦልቻ ጭኖ ሊወጣ ቃሊቲ ተሰልፏል።

«የመኪናውን ሸራ ይዘህ ና» አለችው።

«ዝናብ ነው እኮ፣ ጭነቱስ?»

«ጭነቱ ይቆያል። ሬሳ አይቆይም።»

ዘካሪያ ጭነቱን መጋዘን መልሶ መጣ። ሸራው ሰፊ ነው፤ የናፍጣና የሽንኩርት ሽታ አለው። የሚያቆመው ምሰሶ ግን አልነበረም። ዘካሪያ ወደ ላይ አንጋጦ በረንዳዎቹን አየና ጮኸ፤ «ገመድ እንወረውርላችኋለን፣ ከበረንዳችሁ እሰሩልን!» በሮች ተከፈቱ። ሰላም ብሎ የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃውም፣ ፀጉሯን ግማሽ የተሠራችውም ገመድ ተቀብሎ ከብረቱ ጋር አሰረ። ሸራው ከሁለት ሕንፃ በረንዳዎች ተንጠልጥሎ አቶ ቀጀላ ባሰመሩት ደጅ ላይ ተዘረጋ። ቀጥሎ ወንበር መውረድ ጀመረ፤ ሶፋ ያወረደም ነበር። ኡምሀኒ ንፍሮውን ጣደች።

አስከሬኑ ከኮረብታው ማዶ በወጣቶች ትከሻ መጥቶ ሸራው ሥር፣ ደጁ ላይ ዐረፈ።

ከዚያ ለቅሶ ደራሹ መጣ። የብሎኩ ሰው ጥቂት ዘመድ ይመጣል ብሎ ነበር የጠበቀው። ኮረብታው ግን በሰው ጠቆረ። ተበትነው የነበሩት የቀድሞ ጎረቤቶች ከያሉበት ተጠራርተው በእግር፣ በጋሪ፣ በታክሲ መጡ። ማንም ስልክ ደውሎ የቱ ሕንፃ ጋ ነው አላለም። ከመጨረሻው ወርደው፣ ሕንፃዎቹን እንደሌሉ ቆጥረው፣ በድሮው የእግር መንገድ ቀጥ ብለው ወደ ዳሲቱ ደጅ ገቡ። ባልቴቶቹ ከኩሬው ሲደርሱ ቆሙ። አንዷ ጎንበስ ብላ እጇን ነከረችና «ቡርቃ!» አለች፤ ለቅሶው ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። በረንዳ ላይ የቆሙት ነዋሪዎች ኩሬውን ያን ቀን እንደ አዲስ አዩት።

ቲቸር ብዙወርቅ ከአቶ ቀጀላ ጎን እንደ እህት ተቀምጠው «እግዜር ያጽናዎት» ሲባሉ ዋሉ። ማልቀሳቸው የይስሙላ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ እማማ ዳሲቱም ከደጃቸው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ወልደሚካኤል ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ አንድ ጋሪ አግዳሚ ወንበር አስጭኖ ከች አለ። ቲቸር ሲያዩት በሐዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ።

«እንዴት አገኘኸን?»

«ለቅሶ ደራሽ ተከትዬ» አለ፤ አቀርቅሮ።

ሸራው ከመውረዱ በፊት የብሎኩ ሰው እዚያው ተቀምጦ እድር አቋቋመ። ሐሳቡን ያነሳው ሊቀመንበሩ ነው፤ ይህ ይመስገንለት። ስሙ ማን ይባል ሲባል ማንም ብዙ አልተጨነቀም፤ ቡርቃ እድር ተባለ። ሲውል ሲያድር የታክሲው ረዳትም ከመጨረሻው ዘልቆ «ቡርቃ ወራጅ አለ?» ማለት ጀመረ።

የእማማ ዳሲቱ ዐርባ ከወጣ በኋላ የአቶ ቀጀላ ልጅ ከዱከም መጣች። አባቷን ወስዳ ልትጦራቸው ነው። ትክክል ነው፤ ሽማግሌ ብቻውን አይኖርም። ቲቸር ሲሰሙ ልባቸው ደነገጠ፣ ግን የልጅ ወግ ነውና ሊከለክሉ አልቻሉም። ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል በፊት አቶ ቀጀላን ኩሬው አጠገብ ቆመው አገኟቸው።

«ሀገርህ የት ነው ቢሉት ገና ሚስት አላገባሁም አለ ይባላል» አሉ ቲቸር፤ ቀልደው ሊሰናበቱ ፈልገው። «እርስዎ ግን ሚስትዎን ሸኙ። እንግዲህ የት ሊሄዱ ነው?»

አቶ ቀጀላ በዱላቸው ያችን የደጅ መስመር እንደገና አሰመሩ። ዝናቡ አጥፍቷት ነበር።

«እኔ?» አሉ። «የትም አልሄድም።»

ቲቸር ብዙወርቅ ደረጃው ሥር ገብተው ጠመኔ አነሱ። የሽማግሌውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ «ኖዌር»ን ከመጨረሻው አስገብተው፣ አንዴ ብቻ ክደው ጻፉት። ማህሌትንም አንብቢው አሏት። ማህሌት አነበበች፣ ልጆቹ ተቀበሏት፣ ቃሉ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል አስተጋባ። ውጭ የቆሙት አቶ ቀጀላ ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁም። ካፖርታቸውን ቆልፈው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ።